የጥንቸሎቹ ነገረ ፈጅ

የሚስቴ ታናሽ እህት የእንስሳት ሐኪም ናት። የምትሠራው አንድ የሕክምና ምርምር ተቋም ውስጥ ነው፤ የጥንቸሎቹ ክፍል ኃላፊ ናት። ሥራዋን ለዘመድ ማስረዳት ያስቸግራል። «የታመሙ ጥንቸሎችን ትንከባከባለች» ስንላቸው «ወይ መባረክ» ይላሉ። «ማን አሳመማቸው?» ብለው ሲጠይቁ «የምትሠራበት መሥሪያ ቤት» እንላለን፤ ያኔ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ስለ ኪራይ መወደድ ማውራት ይጀምራሉ።

እኔ አናጢ ነኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ። ስለ ሳይንስ የማውቀው ሁሉ በር ስገጥም በጆሮዬ የገባው ነው፤ እዚያ ተቋም ውስጥ ደግሞ ብዙ በር ገጥሜያለሁ።

ሐኪሟን በመሥሪያ ቤቷ «የጥንቸሎቹ ነገረ ፈጅ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ፕሮፌሰሩ ናቸው፤ ሊያሾፉባት ብለው ነበር፤ እያደር ግን ስሙ ቁም ነገር ሆኖ ቀረ። ጥንቸል የሚፈልግ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ወንበር ትሰጠዋለች፤ ውሃ ትቀዳለታለች፤ ከዚያ ትጠይቀዋለች። ይህ ነገር ያለ ጥንቸል አይሞከርም ወይ? ባነሰ ቁጥር አይበቃም ወይ? የሚያማቸውስ የቱ ጋ ነው፣ ለስንት ጊዜስ ነው? ብዙዎቹ ውሃውን ሳይጨርሱ ተነሥተው «እስቲ እንደገና አስቤበት ልመለስ» ይላሉ። አንዳንዱ እውነትም አስቦበት ይመለሳል፤ የጠየቀውም ቁጥር በግማሽ ቀንሶ ይገኛል።

ሌላም ደንብ ነበራት። ጥንቸል ክፍል ውስጥ ባዶ እጅ አይገባም። ጽዳት ሠራተኛም ሆነ ፕሮፌሰር፣ የሚገባ ሰው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ካለው ባልዲ አንድ የካሮት ቅጠል ወይ የጎመን ቅጠል ይዞ ይገባል። ሰው ሲያዩ መርፌ ብቻ ትዝ እንዳይላቸው ነው። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጡ ትልልቅ እንግዶች ተቋሙን ሲጎበኙ፣ ፕሮፌሰሩ ስለ ተቋሙ ራዕይ አፋቸውን ሞልተው ሲያስረዱ፣ ከነጭ ጋዋናቸው ኪስ የካሮት ቅጠል እንደ መሐረብ ብቅ ብሎ ነበር። እንግዶቹ የማዕረግ ምልክት መስሏቸው ይሆናል።

ሙከራው አልቆ ጥንቸሎቹ የሚሞቱበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ሥራውን ለሌላ ሰው አትሰጥም። ራሷ አቅፋ፣ ራሷ የማደንዘዣውን መርፌ ወግታ፣ ልባቸው እስኪቆም እጇን ደረታቸው ላይ አድርጋ ትቆያለች። በዚያን ቀን ማታ እኛ ቤት ትመጣለች፤ ትቀመጣለች፤ አትበላም። ሚስቴ አንድ ጊዜ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ ይህን ሥራ ለምን አትተዪውም አለቻት።

«እኔ ብወጣ ጥንቸሎቹ አይወጡም» አለች ሐኪሟ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ ያነሣ የለም።

አሁን ወደ አማቴ ልምጣ። አማቴ፣ የሁለቱ እህትማማቾች እናት፣ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ከጥቂት ዓመት ወዲህ የዓይናቸው ፊት፣ ያ መስታወት የመሰለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ እየጠለሸ መጣ። ግራው ይብሳል፤ ቀኙ ይከተላል። ዓለም በሳሙና ውሃ ውስጥ የተዘፈቀች መስላ ትታየኛለች ይላሉ። በመርፌ ቀዳዳ ክር የሚያሾልኩት በምላሳቸውና በጣታቸው ነው። የልብስ ጠርዝ ቀጥ ማለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ያውቃሉ። አንድ ቀን ፊቴን ትክ ብለው አይተው «ሰሞኑን አምሮብሃል፤ ዓይኔ እንደጠፋ ያወቅሁት በዚህ ነው» ብለውኛል።

ፕሮፌሰሩ ለዚህ ዓይነቱ በሽታ አንድ ቅባት እየሠሩ ነበር። ጥንቸሏ ተደንዝዛ የአንድ ዓይኗ ሽፋን ይፋቃል፤ ቅባቱ ይደረግበታል፤ ከዚያ ጠባሳ ይሆናል ወይስ ጠርቶ ይድናል የሚለው ይታያል። እየጠራ ይድን ነበር። የጥንቸሎቹ ሙከራ ካለቀ በኋላ ቅባቱ ወደ ሰው ሊሻገር ነው፤ መጀመሪያ ከሚቀበሉት ሰዎች መካከል አማቴ ተመዝግበዋል። የዓይን ሐኪሙ ግን ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ጠባሳው ወደ ውስጥ ከዘለቀ ቅባቱም ሆነ ሌላ ነገር አይመልሰውም። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ስለ ጥንቸል ጤና እንደ ልጆቻችን ፈተና እንጨነቅ ነበር።

ሐኪሟ ነገሩን ለተቋሙ አስቀድማ ተናግራ ነበር፤ እናቴ ይህን ቅባት ከሚጠብቁት አንዷ ናት፣ ሌላ ሰው ይመደብ ብላ። ሌላ ሰው አልነበረም። ፕሮፌሰሩም ቅር አላላቸውም። እናቷ ቅባቱን የምትጠብቅ ነገረ ፈጅ ብዙም አትከራከርም ብለው አስበው ይሆናል፤ እኔ በልባቸው አልነበርኩም።

ውላቸው እንዲህ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንቸሎቹ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ይቆማል፤ ማስታገሻው የቁስሉን አዳዳን ይነካል ስለተባለ። ሐኪሟ በየጠዋቱ ታያቸዋለች፤ ሕመም ካየች የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ማስታገሻ ትሰጣለች። በየጠዋቱም አየቻቸው። ጎመኑን ይዛ ትገባለች፤ ሁሉም ጆሯቸውን ቀስረው፣ ሁለት ዓይናቸውን ከፍተው፣ እየተጋፉ ይመጣሉ። ደህና ናቸው ትላለች፤ ትጽፋለች።

እኔ የመጣሁት በዚህ መሐል ነው። የክፍሉ በር ድፍን ብረት ነበር፤ በተከፈተ ቁጥር ጥንቸሎቹ ይደነብራሉ። ሳልከፍት የማይበት ትንሽ መስታወት አስገባልኝ አለችኝ። ብረቱን ቆርጬ፣ መስታወቱን ገጥሜ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ሞልቼ ስጨርስ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ያ ሰዓት ማንም እዚያ የማይሄድበት ሰዓት ነው። መጥታ ባዶ እጇን ቆመች፤ በመስታወቱ አየች። ገና አልደረቀም፣ አትንኪው አልኳት። አልሰማችኝም። ቆየች። ሥራዬ ጠሟል ማለት ነው ብዬ ውሃ ልኬን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ና እስቲ። ምን ታያለህ?» አለችኝ።

ጥንቸሎች አልኳት። ምን ያደርጋሉ አለችኝ። አየሁ። ዝናብ ላይ አውቶቡስ የቀረባቸው ሰዎች ይመስሉ ነበር። እያንዳንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ፣ ጀርባዋን አጉብጣ ተቀምጣለች። የተፋቀው ዓይናቸው ጥብቅ ብሎ ተጨፍኗል። አንዷ በፊት እግሯ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ታርፋለች፤ ደግሞ ትጠርጋለች። ከጠዋቱ ጎመን የተረፈው እንዳለ ወለሉ ላይ ነው።

ሐኪሟ ከባልዲው አንድ እቅፍ ቅጠል አነሣችና በሩን ከፍታ ገባች። ሁሉም ዞሩ። ጆሮ ቆመ፤ ዓይን ተከፈተ፤ እየዘለሉ መጡ፤ አለቃ ድንገት የገባበት ቢሮ በሉት። ቅጠሉን አስቀምጣ ወጣች፤ በሩን ዘጋች፤ እንደገና በመስታወቱ አየን። ጥቂት በሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

ጥንቸል ሁሉም የሚበላው ፍጥረት ስለሆነ ሕመሙን ይደብቃል፤ ይህንን ሐኪሟ ከተማሪነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ግን የሚደብቀው ከሚፈራው ነው ብላ ነበር፤ እሷን ደግሞ አይፈሯትም። እንዳይፈሯት ብላ ነበር ያ ሁሉ ቅጠል። እውነትም አይፈሯትም ነበር፤ ይቀበሏት ነበር። እንግዳ እንደመጣበት ሰው ደህና ሆነው ይገኙላት ነበር።

እርጥቡ ሲሊኮን ላይ በትከሻዋ ተደገፈች። ሥራዬ ተበላሸ፤ በኋላ እንደገና ሞላሁት።

የስብሰባ ክፍሉን በርም የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ የቱ ጋ ድምፅ እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ። መሣሪያዬን ኮሪደሩ ላይ ለመሰብሰብ ያን ቀን ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

ፕሮፌሰሩ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር። በትዕግሥት አስረዷት። ዓይኖቹ እየጠሩ ነው፤ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። አሁን ማስታገሻ ከገባ ቅባቱ ያዳነውንና ማስታገሻው የነካውን መለየት አይቻልም፤ ሙከራው በሙሉ ይፈርሳል። ከፈረሰ እንደገና ይጀመራል፤ እንደገና ይጀመራል ማለት ደግሞ ሌላ ይህን ያህል ጥንቸል፣ ሌላ ይህን ያህል የተፋቀ ዓይን ማለት ነው። አንዷን ጥንቸል ለማስቀነስ ሰው ቁጭ አድርገሽ የምትመረምሪ አንቺ፣ ዛሬ ክፍል ሙሉ ጥንቸል ጨምሩልኝ ልትይኝ ነው ወይ አሏት።

ክርክራቸው እውነት ነበር፤ እኔ እንኳ፣ የእሷ ወገን የሆንኩት፣ ልቤ ወደ እሳቸው ሸርተት ብሎ ነበር።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እናትሽስ አሏት።

«እናቴ ሲያማት ትናገራለች» አለች። «እነዚህም በራሳቸው መንገድ ይናገሩ ነበር፤ በየጠዋቱ ጎመን እያጎረስኩ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ። ፕሮፌሰር፣ ያልኩትን እሰርዛለሁ። ደህና አይደሉም። ማስታገሻውን አሁን እሰጣለሁ።»

ወጥታ በአጠገቤ አለፈች። ትንሽ ቆይቶ ፕሮፌሰሩ ወጡ። ፊታቸው ከል መስሏል። ወደ ቢሮአቸው የሚሄዱ መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁ፤ እሳቸው ግን ወደ ጥንቸሎቹ ክፍል አመሩ። በአዲሱ መስታወት አየኋቸው፤ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጥንቸሎቹን አንድ በአንድ እያቀፉ ይይዙላታል፤ እሷ የማስታገሻውን ጠብታ ታደርጋለች። የዓመታት ድካሙ የፈረሰበት ሰው፣ የሚያፈርስበትን ሥራ ሲያግዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ለምሳ መጣች። እንደ ሁልጊዜው ብርቱካን ይዛለች፤ እናቷ ዘንድ ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም። አማቴ ጠረጴዛው ራስ ላይ ቀጥ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ሾርባው እንደቀረበ ነገረችን። ሳታስጌጥ፣ ሳታለሳልስ። ሙከራው ፈርሷል፤ እንደገና ይጀመራል፤ ቅባቱ በተባለው ጊዜ ለሰው አይደርስም።

ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እናታችንን ልብስ የምታለብሳት እኔ ነኝ አለች፤ ደረጃ ስትወርድ እጇን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አንቺ ለጥንቸል ስታዝኚ ለዚች ሴት ምን ልንገራት? ብዙ አለች። አላግባብ ነበር ልል አልችልም። ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት።

አማቴ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ትልቋን ዝም አሰኙ።

«ማን ነው የወሰነው?» አሉ።

ተቋሙ ማለት ትችል ነበር። ውሉ፣ ደንቡ፣ ኮሚቴው፤ ሰው ከኋላው የሚቆምበት ነገር አላጣችም። እኔ ራሴ በጠረጴዛው ሥር በእግሬ «ኮሚቴው በያቸው» ልላት ምንም አልቀረኝ።

«እኔ» አለች።

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣታቸው የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ አገኘና ስፌቱን ተከትሎ መሄድ ጀመረ። እንዳመማቸው በምን አወቅሽ አሏት። ነገረቻቸው፤ ግድግዳውን፣ የጎበጠውን ጀርባ፣ የተጨፈነውን ዓይን፣ ቅጠል ይዛ ስትገባ ደህና የሚሆኑትን። ጣታቸው ስፌቱ ላይ ቆመ።

«እኔም አንቺ ስትመጪ ነው ቀና የምለው» አሉ አማቴ።

እሳቸው ቀጠሉ፤ ድምፃቸው የልብስ ዋጋ የሚናገሩ ያህል ረጋ ያለ ነበር። ግራ ዓይናቸው ካመማቸው ሰነባብቷል። አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፤ ሌሊት ይብሳል። ይህቺ ደግሞ፣ አሉ በአገጫቸው ወደ ሚስቴ እያመለከቱ፣ እንዳታይብኝ ስል ስፌት እሰፋለሁ እያልኩ ዞሬ እቀመጣለሁ። ያኔ ትዝ አለኝ። ባለፈው ክረምት የስፌት መኪናቸውን ወደ ግድግዳው አዙርልኝ ብለውኝ አዙሬላቸዋለሁ፤ ለብርሃኑ ነው ብለውኝ ነበር። መስኮቱ በሌላው በኩል ነው። መስኮቱን የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ሚስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሐኪሟ ለምን አልነገርሽኝም አለች።

«ምን ብዬ? ስንት ሥራ ጥለሽ ትመጫለሽ። ብርቱካን ይዘሽ ትመጫለሽ። ኧረ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ።»

ሐኪሟ ተነሥታ እጇን ታጠበች። እናቷን ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ አገጫቸውን ይዛ፣ ግራ ዓይናቸውን ገልጣ አየች። እኔ የዓይን ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ቁስል አለው፤ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ትሄጃለሽ አለች። አማቴ እሺ አሉ። እሺ ሲሉ ትከሻቸው ወረደ፤ ጀርባቸው ጎበጥ አለ፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ቀጥ ብለው አልተቀመጡም።

ወዲያው ግን ቁራጭ ጨርቅ የማይጥለው ልብስ ሰፊነታቸው ተነሣባቸው። እንግዲያው ያንን ቅባት ለእኔው አድርጉልኝ አሉ። አዲስ ጥንቸሎች አምጥታችሁ ዓይናቸውን ከምትፍቁ፣ የኔው የተፋቀ ዓይን እዚህ ተቀምጧል። የራሴ ዓይን ነው፤ ፈቅጃለሁ። እነሱ አፍ የላቸውም፤ እኔ ቢያቃጥለኝ አፍ አለኝ።

«አፍ እንዳለሽማ ገና አሁን ሰማን» አለች ሐኪሟ።

መጀመሪያ የሳቁት አማቴ ናቸው። እኛም እንደ ተፈቀደልን ሳቅን፤ ሚስቴ እያለቀሰች ሳቀች። ሲበርድ ግን ሐኪሟ የእናቷን እጅ ይዛ አይሆንም አለቻቸው። ምን እንደሚያደርግ በቅጡ የማላውቀውን ነገር ዓይንሽ ውስጥ አልጨምርም። ያንን ለማወቅ ሌሎች ጥንቸሎች ይመጣሉ፤ ከበሩ የምቀበላቸውም፣ መጨረሻቸውን የማየውም እኔ ነኝ። ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ደስ ይላል ብዬም አልነግርሽም አለች። አማቴ ተከራከሩ፤ ተቆጡ፤ በመጨረሻ ሾርባው ቀዝቅዟል ብለው ወደ ሚስቴ ዞሩ። በእኛ ቤት ይህ መሸነፍ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጥንቸሎች ማስታገሻ እያገኙ ትንሽ ሰነበቱ፤ ከዚያ ሞቱ። ከሙከራው ውጤት ባይቆጠሩም ዓይናቸው ተመርምሮ ያቃጠላቸው ነገር ተገኘ፤ ቅባቱ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመርበት ንጥረ ነገር ነበር። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አገኙት፤ ራሳቸውም ለሁሉም ተናገሩት፤ ባይቆም ኖሮ ይህንን በሰው ዓይን ላይ ነበር የምንማረው ብለው። ሐኪሟን አላመሰገኗትም፤ እሷም ምስጋና አልጠበቀችም። አንድ ክፍል ሙሉ ጥንቸል አላግባብ ታመው ነበር፤ ያ በምንም አይታጠብም ትላለች። የሞቱ ዕለት ማታ መጥታ እንደ ልማዷ ሳትበላ ተቀመጠች። ሚስቴ፣ ከዚያ እሑድ ወዲህ ቃሏን ቆጥባባት የነበረችው፣ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እሷም ሳትበላ።

ሁለተኞቹ ጥንቸሎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉም እኩል ማስታገሻ እየተሰጣቸው ነው ያለፉት። አሁን ማንም ቢሆን ከመግባቱ በፊት በመስታወቱ ያያል፤ ባልታሰበ ሰዓት፣ ጠዋትም ከሰዓትም። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሩ ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ። ሌሎች ክፍሎችም መስታወት ይግባልን ብለው ጠይቀዋል፤ ሥራ በዝቶብኛል።

አማቴ ቁስሉ ታክሞላቸው ሕመሙ ተወገደ። ቅባቱ ለሰው ሲደርስ ግን የግራው ጠባሳ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነበር፤ አልሆነም። ለቀኙ በጊዜው ደረሰለት፤ ጠርቶ ዳነ። ከተገለጠላቸው ቀን በኋላ የመጣ ዘመድ ሁሉ ግራውን አይቶ ምነው ይሄኛው አልዳነም ሲላቸው «በልጄ ምክንያት ነው» ይላሉ። ድምፃቸው ሰው «ይህን ቤት ልጄ ናት የሠራችልኝ» የሚልበት ድምፅ ነው። ጠያቂው ሲደነግጥ ጥቂት ይተዉታል፤ ከዚያ ወንበር ስጡት ብለው ነገሩን ከጥንቸሎቹ ጀምረው ይተርኩለታል። እንደኔ ሳያሳጥሩ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ መጥታ ይህንኑ ሲተርኩ ደረሰች። እንግዳው እስኪሄድ ጠበቀችና፣ እማዬ፣ ዓይንሽን እንዳጠፋሁብሽ አገር ይስማ ብለሽ ነው እንዴ አለቻቸው። አማቴ ወደ ብርሃኑ ሳቧት። በቀኝ ዓይናቸው፣ በሚያየው፣ ለረጅም ጊዜ አዩአት፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አንገቷን።

«ከስተሻል» አሉ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ከስተሽ ነው እንዴ የምትመጪው? ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።